ፕሪንተራችን አንዳንድ ጠዋት የት ይጠፋ ነበር

ያን ቀን እቤት የነበርነው አራት ነን። እኔ አለሁ። ልጄ አለች፤ ያኔ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ እቤት ሆና የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ በኮምፒውተር እየጻፈች፣ በፕሪንተር እያተመች ነበር የምትሠራው። ጎረቤታችን ጋሼ አሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የስልክ መስመር ሲዘረጉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፣ ረፋድ ላይ ብቅ ሳይሉ የሚቀሩበት ቀን የለም። አራተኛዋ አንዲት የነርስነት ተማሪ ናት። ከዚያ በፊት ያየኋት አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ጽሑፏን ልታጽፍ የመጣች ጊዜ። እርጉዝ ነበረች፤ ሆዷ በደንብ ገፍቷል። ጋሼ ሲቆጥሩን «አምስት ነን እንጂ፣ ያኛውም ሰው ነው» አሉ። ባለቤቴ አልነበረም፤ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ያን ሳምንት መንገድ ላይ ነበር።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ዛሬም ድረስ ልጄ ነገሩን ለሰው ስታወራ «እኔ ነኝ ያገኘሁት» ስለምትል ነው። ጋሼም «ያገኘሁት እኔ ነኝ» ይላሉ። ማን ማን እንደነበረ ከታወቀ፣ ማን ምን እንዳደረገ ለመናገር ይቀላል።

ፕሪንተሩን የገዛነው ያገለገለ ነው። የገመድ መግቢያው ድሮውኑ ተሰብሮ ስለነበር ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኘው በዋይፋይ ብቻ ነው። ዋይፋዩን የምትሰጠው ነጭ ሳጥን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጣለች። ልጄ እንዲገባኝ አድርጋ አስረድታኛለች፦ ኮምፒውተሩ ጽሑፉን ለሳጥኗ ይሰጣል፣ ሳጥኗ ለፕሪንተሩ ታደርሳለች። መልእክተኛ ማለት ናት። ይሄ ገባኝ። ያልገባኝ ሌላው ነው። ሦስቱም አንድ ክፍል ውስጥ፣ ሦስት እርምጃ በማይሞላ ቦታ ተቀምጠው እንዴት ይጠፋፋሉ?

ይጠፋፉ ነበር። ቀኑን ሙሉ ደህና ሲያትም የዋለ ፕሪንተር፣ በማግስቱ ልጄ ኮምፒውተሩን ስትከፍት «ኦፍላይን» ተብሎ ይጻፍበታል። የለም ማለት ነው። ፕሪንተሩ ግን አለ፤ መብራቱ በርቶ አየዋለሁ። እኔ ደግሞ ያለውን ነገር የለም የሚል ነገር ያሳስበኛል። ሰው ቢሆን አሞታል እላለሁ።

ልጄ መድኃኒቱን ታውቀዋለች። ፕሪንተሩን ከኮምፒውተሩ ላይ አጥፍታ እንደ አዲስ ትጭነዋለች። ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ከዚያ ይሠራል። ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴ ወር ያህል ደህና ይሰነብትና አንድ ጠዋት ደግሞ የለም ይባላል። «አርጅቶ ነው» ትላለች ልጄ። «መስመር ነው» ይላሉ ጋሼ፣ ሁሉም ነገር ለሳቸው መስመር ነው። እኔ መጀመሪያ እርጥበት መስሎኝ ከግድግዳው አራቅሁት። ቀጥሎ ያለበስኩት ጨርቅ አፍኖት መስሎኝ ጨርቁን አነሳሁ። አልረዳም። ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩምና እንዲህ ባለ ነገር ላይ ብዙ አልናገርም፤ ግን ዝም ስል አላስብም ማለት አይደለም። ሽንኩርት እየከተፍኩ አስበዋለሁ። አንዳንድ ቀን የሚምር፣ አንዳንድ ቀን የማይምር በሽታ ምን ዓይነት ነው? የሚነሳበትንስ ቀን የሚመርጥለት ምንድነው?

ፕሪንተሩ ላይ አንድ ቁልፍ አለ። ለጥቂት ሰከንድ ተጭነው ከያዙት ስለ ራሱ የሚናገርበትን አንድ ወረቀት ያወጣል። ልጄ በታመመ ቁጥር መኖሩን ለማረጋገጥ ቁልፉን ትጫናለች፣ ወረቀቱን ታያለች፣ ትጥላለች። እኔ አነሳዋለሁ። ጀርባው ንጹህ ወረቀት ነው፤ አዲሱ ገበያ ስወርድ የምገዛውን ጽፌበት እሄዳለሁ፣ ስመለስ ኮመዲኖ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። የተጻፈበት ነገር መጣል አልወድም።

ሰኔ ነበር። እንደልማዴ ቁስቋም ኪዳን አድርሼ ተመለስኩ። ከቤት ስወጣ ሶኬት ሁሉ ነቅዬ ነው የምወጣው። የፍሪጁን፣ የቴሌቪዥኑን፣ የሁሉንም። መብራት ሄዶ ሲመጣ በጉልበት ነው የሚመጣው፤ ከኛ በላይ ያለችው ጎረቤት ፍሪጇም ቴሌቪዥኗም የተቃጠለባት በአንድ ቀን ነው። የዚያን ዕለት የሸተተኝ የተቃጠለ ፕላስቲክ እስካሁን ከአፍንጫዬ አልወጣም። ልጄ ተኝታ እያለች ነቅዬ እወጣለሁ፣ ሳትነሳ ተመልሼ እሰካለሁ። ያን ቀንም እንደዚያው አደረግሁ።

ልጄ ቁርሷን በልታ ኮምፒውተሩን ከፈተች።

«ደግሞ ጀመረው!»

«የለም አለ?»

«የለም አለ። ባልጠፋ ቀን!»

ልጄ የማስረከቢያው የመጨረሻ ቀን መሆኑን ታውቅ ኖሯል፤ ለእኔ የገባኝ አራት ሰዓት ላይ ነው። ተማሪዋ ፍላሽዋን በእጇ ይዛ፣ ወገቧን በሌላ እጇ ደግፋ በሩ ላይ ቆመች። የጽሑፏን የመጨረሻ እርማት አስገብታ መጥታለች፤ ሰማንያ ሁለት ገጽ በሦስት ቅጂ ታትሞ ዛሬ እስከ አሥር ሰዓት መግባት አለበት። ከአሥር ሰዓት ካለፈ ሌላ ዙር መጠበቅ ነው፤ ሌላው ዙር ደግሞ ከክረምት በኋላ ነው። ባሏ ሩቅ ቦታ ተመድቦ የሚያስተምር ነው። እናቷ ያሉት ክፍለ ሀገር ነው፣ ገንፎውን አዘጋጅተው እየጠበቁ ነው። ዛሬ ካስረከበች በማግስቱ ተሳፍራ ትሄዳለች፣ እናቷ ቤት ትወልዳለች። ካላስረከበች እዚሁ ቀርታ በኪራይ ቤት ብቻዋን አራስ ትሆናለች፤ ወይ ደግሞ ትምህርቱን ትታው ትሄዳለች። ይህን ሁሉ የነገረችን ወንበር ላይ ተቀምጣ ትንፋሿን እየሰበሰበች ነው።

ጋሼ ገቡ፤ አዩዋት።

«አንቺ ልጅ፣ ጳውሎስ ሆስፒታል አጠገብ ስንት ፎቶ ኮፒ ቤት እያለ በዚህ ሆድ ይሄን ዳገት ምን አስወጣሽ?»

«ተዉኝ ጋሼ፣ መሳቂያ ሆኜ ነው የመጣሁት።»

«ማን ሳቀብሽ?»

«ሰው ሁሉ ነዋ። ሰሞኑን ተማሪው በሙሉ የሚያሳትምበት ጊዜ ስለሆነ ወረፋው አይጣል ነው። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ሰው እንዳይጣላ ብላ በካርቶን ቁጥር ቆርጣ ታድላለች። ትናንት ሰባት ደረሰኝ። ተራዬ ሳይደርስ ማሽኑ ቆመና ነገ ኑ ተባልን። ዛሬ ማልጄ ሄድኩ፣ ሰባቴን ይዤ ቁጭ። ‹ሰባት!› ሲባል ብድግ ብል ሌላ ሰው ገባ። ‹ሰባት እኔ ነኝ› ብዬ ካርቶኔን አሳየሁ። ‹የኔ እህት፣ ያንቺ የትናንት ሰባት ነው፤ ዛሬ የገባሽው ሠላሳ ስምንተኛ ነሽ› አለችኝ።»

ጋሼ ጉልበታቸውን መትተው ሳቁ። «የትናንት ሰባት! ቀን ያለፈበት መድኃኒት ይዘሽ ሄደሽ!»

«መሳቁን ይተዉና ይጸልዩልኝ» አለች፣ እሷም እየሳቀች።

ልጄ አልሳቀችም። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራችው። ፕሪንተሩን አጥፍታ አበራችው። የለም አለ። የለመደችውን መድኃኒት ልትሰጠው፣ ከኮምፒውተሩ አጥፍታ እንደገና ልትጭነው ብላ ገና ሳታጠፋው ቆመች። ይሄኔ ነው የባሰው የመጣው። እንደገና ለመጫን ከኢንተርኔት የሚወርድ ነገር አለው፤ ያን ቀን ደግሞ ኢንተርኔት ከነጭራሹ የለም። ሰፈሩ ሁሉ የለውም።

«አላልኩም?» አሉ ጋሼ። «መስመር ነው። ኢንተርኔት ከሌለ ፕሪንተርም የለም።»

«አይደለም ጋሼ፤ ኢንተርኔት የውጭ ነው። ሳጥኗ ካለች እቤት ውስጥ እርስ በርሳቸው ይገናኛሉ።»

«ታዲያ ለምን አይገናኙም?»

«እሱን ባውቅ እርስዎን እዚህ አስቀምጬ እጨቃጨቃለሁ?»

«ይቺ ልጅ ዛሬ በግራ ጎኗ ነው የተነሳችው» አሉኝ ጋሼ ወደ እኔ ዞረው።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ለተማሪዋ አጃ አፍልቼ ሰጠኋት። ልጄ ላብ በላብ ሆናለች። ተማሪዋ አንድም ጊዜ «ምን ሆነ?» አላለችም፤ ሰዓቷን ብቻ ታያለች፣ እጅጌዋን ትስባለች፣ ትንሽ ቆይታ እንደገና ትገልጠዋለች። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ልጄ ተስፋ ስትቆርጥ ያን ቁልፍ ተጫነች። ወረቀቱ ወጣ፣ አየችው፣ መሬት ጣለችው። እኔ አነሳሁት።

ጀርባውን ገልብጬ ልጽፍበት ነበር፣ ግን እስክሪብቶ አጠገቤ አልነበረም። ፊቱን አየሁት። የማላውቀው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው። መሃል ላይ ግን ቁጥር አለ፤ ቁጥር ማንበብ ደግሞ የሚያቅተኝ ነገር አይደለም። ረጅም ነው፣ በነጥብ የተቆራረጠ፣ መቶ ዘጠና ሁለት ብሎ የሚጀምር። መጨረሻው አራት ነው። ቁጥሩን የማውቀው ዓይነት ሆነብኝ፣ ግን መጨረሻው አራት ነበር? አይመስለኝም።

ኮመዲኖውን ከፈትኩ። ስድስት ወረቀት አገኘሁ። አልጋው ላይ ዘረጋኋቸው።

«እማዬ ምን ፈልገሽ ነው?»

«ምንም። ሥራሽን ሥሪ።»

ስድስቱም ላይ ቁጥሩ አለ። አጀማመሩ አንድ ነው፤ የሚለየው የመጨረሻው ብቻ። በየትኛው ቀን የትኛው እንደወጣ ማወቅ ፈለግሁ። ፊታቸው ላይ ቀን የለም። ጀርባቸውን ገለበጥኩ፤ ጀርባቸው ላይ የኔ ጽሑፍ አለ። አንዱ «ሽሮ፣ ሱፍ፣ ምስር» ይላል፤ ይሄ የሁዳዴ መግቢያ ነው፣ ፕሪንተሩን የገዛን ሰሞን። አንዱ «ተልባ፣ ለማኅበር ሻማ» ይላል፤ የሁዳዴ እኩሌታ። «ዕንቁላል፣ ቅቤ፣ ቀይ ሽንኩርት አምስት ኪሎ» የሚለውን ማንም ያውቀዋል፣ የፋሲካ ነው። እንዲህ እንዲህ እያልኩ በተራ ደረደርኳቸው፣ ከሁዳዴ እስከ ሰኔ ጾም። ከዚያ መልሼ በፊታቸው አዞርኳቸው።

ሦስት። አምስት። አራት። ስድስት። ሦስት። አምስት። የዛሬው አራት።

ብዙ ቆሜ አየኋቸው። ተደጋግመው የሚመጡ አሉ። ግን ተከታትለው የመጡ ሁለት አንድ ዓይነት ቁጥሮች የሉም። አንድም ቦታ የሉም። ልጄ ቁልፉን የምትጫነው ፕሪንተሩ በታመመ ቀን ነው። ይህ ማለት በታመመ ቁጥር ቁጥሩ ከቀድሞው የተለየ ነው ማለት ነው። ልቤ ሲመታ ይሰማኛል። ሌላ ጊዜ ልቤ የሚመታው ስፈራ ነው፤ ያን ጊዜ ግን አልፈራሁም።

«ይሄ ቁጥር ምንድነው?» አልኩ።

ልጄ ዞር ብላ አየች። «የፕሪንተሩ አድራሻ ነው።»

«ምን ያደርግለታል?»

«ኮምፒውተሩ የሚያገኘው በሱ ነው። እማዬ፣ በናትሽ አሁን…»

«እንግዲያው ኮምፒውተሩ የሚፈልገው አምስትን ነው።»

«ምን?»

«ባለፈው ስትጭኚው አምስት ነበረ። ዛሬ አራት ሆኗል። ኮምፒውተሩ ይሄን አልሰማም፣ አምስትን እየጠራ ነው። እስቲ እይው። የምትፈልገው ማንን ነው ብለሽ የምትጠይቂበት ቦታ የለውም?»

ልጄ ወንበሯን ሳበች። ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። አንድ ሳጥን ከፈተች፣ ሌላ ከፈተች፣ ሌላ። ሦስታችንም ከጀርባዋ ቆመናል፤ ተማሪዋም ተነስታለች። በመጨረሻ ያ ረጅም ቁጥር ወጣ።

መጨረሻው አምስት ነበር።

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ፤ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም።

«የትናንት ሰባት!» አለች ተማሪዋ በድንገት፣ እጇን አጨብጭባ። «በእናቴ፣ እንደኔ ነው! የትናንቱን ቁጥር እየጠራ ሌላ ሰው እየመጣበት!»

ጋሼ ግን ገና አልተዋጠላቸውም። «ቆይ ቆይ። በእኛ ጊዜ ለአንድ ቤት አንዴ ቁጥር ከወጣለት ወጣለት ነው፣ ሰውየው ቢሞት እንኳ ቁጥሩ አይሞትም። ይሄን ቁጥር የሚሰጠው ማነው?»

«ሳጥኗ ናት ጋሼ። ቀድሞ ለመጣው የመጀመሪያውን፣ ቀጥሎ ለመጣው የሚቀጥለውን ትሰጣለች። ስልክም፣ ኮምፒውተርም፣ ሁሉም ይወስዳል።»

«ሰጥታስ ለምን ትነጥቃለች?»

«አትነጥቅም። ጠፍታ ስትበራ ነው እንደ አዲስ የምታድለው። ግን እሷን ማን ያጠፋታል? እኔ አልነካትም፣ ሁልጊዜ እንደበራች…»

ንግግሯን ሳትጨርስ ቆመች። ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። ጋሼም ዞሩ።

«እማዬ።»

«እ…»

«ጠዋት ጠዋት ምን ምን ትነቅያለሽ?»

«ፍሪጁን» አልኩ። «ቴሌቪዥኑን።»

«ሌላስ?»

«ሁሉንም።»

ጋሼ ሳቃቸውን ሊይዙ ሞከሩ፣ አልቻሉም። «በየማለዳው ካርቶን ሰብስባ እንደገና የምታድለዋ እሷ ናት በሉኛ!»

አፈርኩ። ያን ሁሉ ወር ልጄ ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ስትባክን የነበረው በኔ ነው። ነገር ግን ከሐፍረቱ ጋር ሌላ ነገር ነበር፤ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ሲይዝ ይታየኝ ጀመር። ባለቤቴ እቤት የሚያድርበት ሳምንት ለምን እንደሚብስ ገባኝ፤ ስልኩ ቀድሞ አንዱን ቁጥር ይወስዳል። አንዳንድ ቀን ለምን እንደሚምር ገባኝ፤ ስመለስ አንዳንዴ ከሳጥኗ እጀምራለሁ፣ አንዳንዴ ከፕሪንተሩ፣ እጄ እንደመራኝ ነው የምሰካው፣ አንዳንዴ የትናንቱ ተራ ራሱ ይገጥማል። እነዚያን ወረቀቶች ትቼ ልሄድ አልቻልኩም። ፕሪንተር እንዲህ ከሆነ ሌላው ዕቃስ እንዴት ነው? ስልኬ ለሳጥኗ ስሙን ማን ብሎ ይነግራታል? ልጠይቅ ስል ልጄ «በኋላ! በኋላ!» አለችኝ። ልክ ናት። ሰባት ሰዓት አልፏል።

አምስቱን አጠፋችና አራት ጻፈች። ፕሪንተሩ ትንሽ አጉረመረመ። የመጀመሪያው ገጽ ሲወጣ ተማሪዋ በሁለት እጇ ተቀበለችው፣ ትኩስ ነበር፣ ጉንጯ ላይ አደረገችው።

ፕሪንተራችን ፈጣን አይደለም፤ ለአንዱ ቅጂ ከአሥር ደቂቃ በላይ ይፈጃል። እኛ ተቀምጠን እየሰማነው ሳለ እንጦጦ ላይ ሰማዩ ጠቆረ። ነጎድጓዱ ሲመጣ እኔ ሳላውቀው ተነስቻለሁ። እጄ ሁሉም የተሰኩበት ዲቫይደር ላይ ነበር።

«እማዬ! እንዳትነኪው!»

«መብረቅ ነው እኮ!»

«አንዱን እንኳ ብትነቅይ ከመጀመሪያው ነው የምንጀምረው!»

እጄን አነሳሁ። እንዴት እንዳነሳሁት አላውቅም። ወንበር ላይ ተቀምጬ ሁለቱንም እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ ያዝኳቸው። ሰማዩ እንደገና ሲያጓራ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ቁስቋሟን ጠራሁ። ጋሼ አዘኑልኝ መሰል፣ «መብረቅ የሚወደው የስልክ እንጨት ነው፣ እኔ ነኝ የማውቀው፣ ቤት ሲገባ አላየሁም» አሉ። እውነት ይሁን እኔን ለማጽናናት፣ አልጠየቅኋቸውም።

ዓይኔን ስገልጥ ተማሪዋን አየሁ። የወንበሩን መደገፊያ ጨብጣ ጣቶቿ ነጥተዋል። የመጀመሪያው ቅጂ ሲያልቅ ነው። ከዚያ ለቀቀች፣ ወረቀቱን አስተካክላ ደረደረች፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ፈገግ አለች። ሁለተኛው ቅጂ ሊያልቅ ሲል እንደገና ጨበጠች።

ተነስቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

«የኔ ልጅ፣ ይቆርጥሻል?»

«ወገቤን ነው እትዬ። ተቀምጬ ስለዋልኩ።»

«በየቅጂው ነው የሚይዝሽ። እያየሁሽ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። ነርስ ልትሆን የምትማር ሰው ናት፤ እኔ የማውቀውን እሷም ታውቃለች። «ገና ነው» አለችኝ በሹክሹክታ። «ይመጣል ይሄዳል። ሊቀርም ይችላል። እንዳይናገሩ፣ በእመቤቴ፤ ልጅዎ ከደነገጠች ትሳሳታለች። ላስረክብ ብቻ።»

አልተናገርኩም። ትክክል ይሁን ስህተት እስካሁን አላውቅም። ፕሪንተሩ እንዳይቆም እየጸለይኩ፣ እሷ እንዳይቆርጣት እየጸለይኩ፣ መብራት እንዳይሄድ እየጸለይኩ ሦስተኛውን ቅጂ ጨረስን።

ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ የመጨረሻው ገጽ ወጣ። መጠረዣ ቤቱ ወረፋ የለውም፣ ሩብ ሰዓት ይበቃዋል። ተማሪዋ በልጄ ስልክ ለክፍል ጓደኞቿ ደወለች፤ የሷ ስልክ ከተሰበረ ሰንብቷል። ጓደኞቿ በአንዲት አሮጌ ላዳ መጡ፣ እነሱም ገና ሊያስረክቡ ነው፣ ውስጧ በሰውና በወረቀት ታጭቋል። ወረቀቶቿን በፌስታል ደራርበን ጠቀለልንላት። አብሬያት ልሄድ ነጠላዬን ለበስኩ፣ ግን መቀመጫ የለም።

«እትዬ አይቸገሩ፣ ሆስፒታሉ እዚያው ነው፣ ሁላችንም ነርስ ነን» አለችኝ አንዷ ከውስጥ ሆና እየሳቀች።

«ካስረከብኩ በኋላ እደውላለሁ» አለች እሷ። ዝናቡ ውስጥ ላዳዋ ዳገቱን ወረደች።

አልደወለችም። ልጄ ተማሪዋ በደወለችበት የጓደኛዋ ቁጥር ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከረች፤ መጀመሪያ አይነሳም ነበር፣ በኋላ ዝግ ሆነ። ክረምት ሲገባ ተከራይታ ትኖርበት ወደነበረው ቤት፣ ወደ ቁስቋም መሄጃ ካለው መንገድ ገባ ብሎ፣ ጠይቄ ጠይቄ ሄድኩ። አከራይዋ ደግ ሴት ናቸው፣ ግን ከእኔ የተሻለ አያውቁም። ካስረከበችበት ቀን ሁለት ቀን ቆይቶ አንድ ዘመድ ነኝ ያለ ሰው መጥቶ ዕቃዋን ጭኖ ሄደ፣ «ወደ እናቷ ነው» አለ፣ ሌላ አልተናገረም። ወልዳ ነው? ሳትወልድ ነው? አልጠየቁትም። እንዴት አይጠየቅም ብዬ መንገዱን ሙሉ ስናደድ ተመለስኩ፤ እቤት ስደርስ ደግሞ እኔስ መች ጠየቅሁ አልኩ። የማን ልጅ እንደሆነች፣ አገሯ የት እንደሆነ፣ አንዱንም አልጠየቅሁም። ስለ ፕሪንተሩ ግን ያን ቀን ያልጠየቅሁት ነገር የለም።

ለፕሪንተሩ ልጄ በማግስቱ በኮምፒውተሩ በኩል ወደ ሳጥኗ ገብታ ቋሚ ቁጥር ሰጠችው፤ አሥር ነው፣ ማንም አይወስድበትም። አሁን ጠዋት የፈለግሁትን ነቅዬ እወጣለሁ፣ ስመለስ በፈለግሁት ተራ እሰካለሁ፣ አይጠፋም። ለአንድ ወር ያህል እየመጣሁ ቁልፉን እጫን ነበር፣ አሥር መሆኑን ለማየት። ልጄ ወረቀት ትጨርሻለሽ ስትለኝ ተውኩት።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ በተለይ ያን ዓመት ጳውሎስ አካባቢ ነርስነት ተምራችሁ በሰኔ ጽሑፍ ያስረከባችሁ ካላችሁ፦ በአሮጌ ላዳ፣ በዝናብ፣ ሰማንያ ሁለት ገጽ በሦስት ቅጂ በፌስታል ይዛ የሄደች እርጉዝ ልጅ ነበረች። ቀይ ዳማ ናት፣ ቁመቷ አጠር ያለ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትከልል። አሥር ሰዓት ሳይሞላ ደርሳ ነበር ወይ? በሰላም ወለደች ወይ? የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።